ሸክላን ስለ መሰብሰብና ድምፅን ስለ መጠበቅ

የሰው ድምፅ ከአፍ እንደ ወጣ በነፋስ የሚበተን ነገር ነው። ጽሕፈት ቃሉን ያስቀራል እንጂ ድምፁን አያስቀርም። ስለዚህም የቀደሙት አባቶቻችን የተናገሩትን በመጻሕፍት እናነባለን፤ ነገር ግን ድምፃቸው ወፍራም ይሁን ቀጭን፥ አነጋገራቸው ፈጣን ይሁን ዝግ ያለ፥ ልናውቀው አልተቻለንም። ይህ ነገር የተለወጠው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ዓ.ም. ድምፅን በስስ ቆርቆሮ ላይ ቀርጾ መልሶ ለማሰማት በቻለ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በሰም ላይ አስቀርጸው ላኩ። ቃሉም ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ ያ የተቀረጸበት ሰም እንዲጠፋ ተደረገ። በሚከተለው ዓመት ምኒልክና ጣይቱ በዚያው መሣሪያ የተናገሩት የመልስ ቃል ግን ሳይጠፋ ቀርቶ ዛሬም ድረስ ይሰማል። እንግዲህ ከሁለቱ መልእክቶች አንዱ በአንድ ትእዛዝ ጠፋ፤ ሁለተኛው ጠባቂ ስላገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ድምፅን ማስቀረጽ አንድ ሥራ ሲሆን፥ የተቀረጸውን መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ይህን ነገር ለማንሣት ያስገደደን ምክንያት አለ። በአሁኑ ዘመን ዘፈንና ዜማ ለመስማት የሚፈልግ ሰው በእጁ የሚይዘውን ስልክ ከፍቶ በኢንተርኔት የሚመጣለትን መስማት ነው። ስፖቲፋይ የሚባለው በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረ የስዊድን ኩባንያ ብቻውን ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ዜማዎች አሉት። አንድ ሰው ቀንና ሌሊት ሳይተኛ ቢያዳምጥ ዕድሜው ይህን ለመጨረስ አይበቃውም። እንዲህ ያለ ብዛት በእጁ ሳለ፥ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶቹ፥ አባቶቻቸው የጣሉትን ሸክላ በውድ ዋጋ እየገዙ በቤታቸው ያከማቻሉ። ይህ ከንቱ ምኞት ነው ወይስ ጥበብ አለበት? ነገሩን በትዕግሥት እንመርምረው።

በመጀመሪያ የሸክላን ነገር ለማያውቁት እናስረዳ። ኤሚል በርሊነር የሚባለው ተወላጅነቱ ከጀርመን የሆነ የአሜሪካ ሰው በ1887 ዓ.ም. ድምፅን በጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ ላይ የመቅረጽን ዘዴ አወጣ። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች የሚሠሩት ላክ ከምትባል ተባይ ከሚገኝ ሙጫ ነበር፤ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራሉ፤ በአንድ ገጽም ከሦስትና ከአራት ደቂቃ የበለጠ ድምፅ አይዙም፤ ቢወድቁም እንደ ገል ይሰበራሉ። የአገራችን ሰው ሸክላ ብሎ መሰየሙ በውነቱ የተገባ ነው። በ1948 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፥ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞር፥ በያንዳንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዝ ትልቅ ሸክላ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት አር ሲ ኤ ቪክተር የተባለው ኩባንያ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አቀረበ። አገራችን የምታውቃቸው የዘፈን ሸክላዎች አብዛኞቹ የዚህ የትንሹ ዓይነት ናቸው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ድምፁ በመጀመሪያ ለስላሳ ቀለም በተቀባ ሰሌዳ ላይ በስለታም መርፌ ይቀረጻል። ሰሌዳው በብር ከተቀባ በኋላ በኒኬል ይለበጣል፤ ኒኬሉም ሲላቀቅ የሰሌዳውን መልክ ገልብጦ የያዘ ማኅተም ይሆናል። በዚህ ማኅተም ትኩስ ቪኒል በብርቱ ኃይል ሲጨመቅ ሸክላ ይወጣል። በሸክላው ላይ የሚታየው ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል የሚዞር አንድ ረጅም ቀጭን ቦይ ነው፤ የቦዩ ግድግዳ መወዛወዝም ራሱ ድምፁ ነው። መርፌው በቦዩ ሲሄድ ዘፋኙ በዚያን ሰዓት በአየር ያንቀጠቀጠውን ነገር እንደ ገና ያንቀጠቅጠዋል። ሌላ ጥበብ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ፥ አንድ መርፌና አንድ የሚዞር ገበታ ያለው ሰው ሸክላውን ሊያሰማ ይችላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ኮምፓክት ዲስክ የሚባለው በ1982 ዓ.ም. በገበያ ከወጣ በኋላ ሸክላ የሞተ መስሎ ነበር። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ መሣሪያዎቻቸውም እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ነገር ግን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተመለሰ። በአሜሪካ የድምፅ አሳታሚዎች ማኅበር በሰጠው ቁጥር፥ በ2022 ዓ.ም. በዚያ አገር 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ፥ ኮምፓክት ዲስክ ግን 33 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። በቁጥር ሸክላ የበለጠው ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ አናግንነው፤ በዚያው ዓመት በዚያው አገር ከሙዚቃ ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ ከመቶ 84 እጁ የመጣው በኢንተርኔት ከሚሰማው ነበር። ሸክላ የገበያው ንጉሥ አይደለም፤ ከሞት የተመለሰ ሽማግሌ ነው እንጂ።

ሸክላን የሚነቅፉ ሰዎች የሚሉት ነገር አላቸው፤ እውነትም አለበት። ሸክላ ውድ ነው፤ ቦታ ይይዛል፤ ሙቀት ያጣምመዋል፤ አቧራ ያስጮኸዋል፤ በተሰማ ቁጥርም በጥቂቱ ያልቃል። ከሚገዙትም ወገን ብዙዎቹ ለጌጥ የሚገዙ ናቸው፤ በአሜሪካ በ2023 ዓ.ም. በወጣ አንድ ጥናት ሸክላ ከገዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ማጫወቻው እንኳ እንደሌላቸው ተገልጧል። መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ የማይችል ሰው ሽፋኑን እየተመለከተ እንደሚደሰት ማለት ነው። እንዲሁም የኢንተርኔቱ መንገድ ትልቅ በጎነት አለው። በሩቅ አውራጃ ያለ የድኻ ልጅ ስልክ ብቻ ካገኘ፥ ቀድሞ የባለጸጋ ብቻ የነበረውን ዜማ ሁሉ ይሰማል። ይህን በጎነት የሚክድ ሰው ፍርድ አያውቅም።

ነገር ግን መስማት አንድ ነገር፥ ማኖር ሌላ ነገር ነው። በኢንተርኔት የሚሰማ ሰው የዜማው ባለቤት አይደለም፤ በየወሩ ኪራይ እየከፈለ ወይም ማስታወቂያ እየታገሠ በሰው ቤት የሚያዳምጥ እንግዳ ነው። ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ እንግዳው ይወጣል። በ2022 ዓ.ም. ስሙ የታወቀው የካናዳ ተወላጅ ዘፋኝ ኒል ያንግ ከስፖቲፋይ ጋር ተጣልቶ ዘፈኖቹን ባስወጣ ጊዜ፥ ትናንት ሲሰሙት የነበሩት ሰዎች በማግሥቱ በዚያ ስፍራ አላገኙትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2024 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ፥ ሸክላው በቤቱ የነበረ ሰው ግን አንድም ቀን አልጎደለበትም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ማይስፔስ የተባለው በአንድ ወቅት እጅግ የታወቀ የኢንተርኔት ስፍራ፥ ዕቃውን ከአንድ ማኖሪያ ወደ ሌላ ሲያዛውር የብዙ ዓመት ዜማ እንደ ጠፋበት በ2019 ዓ.ም. ታወቀ። የጠፋው ዜማ እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ከነዚያ መካከል ሌላ ቅጂ ያልነበረው ስንት እንደ ሆነ ማን ይቈጥረዋል? ደግሞም ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ስፖቲፋይ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በታች ለተሰማ ዜማ ገንዘብ መክፈሉን ትቷል። ይህ ሥርዓት ለነጋዴ ሒሳብ የሚመች ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ሰሚ ያለው የአንድ ገጠር በገና ደርዳሪ ዜማ በሚሊዮኖች ከሚሰማው ዘፈን ጋር በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ያህል እንደሚቀልል ግልጥ ነው።

ይህን ስንል ሸክላ አይጠፋም ማለታችን አይደለም። የጥበቡ ሥር ቀጭን ነው። የመጀመሪያው ቅርጽ የሚቀረጽበትን ሰሌዳ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከነርሱም አንዱ፥ በካሊፎርኒያ የነበረው አፖሎ፥ በየካቲት ወር 2020 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ግቢ በተነሣ እሳት የብዙ ስመ ጥር ዘፋኞች የመጀመሪያ ቴፖች ጠፉ፤ የጉዳቱም ነገር በሰፊው የተሰማው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዜማውን የሚያተርፈው ምንድር ነው? በሺህ ቤት የተበተነው ሸክላ ነው። በአንድ ዕቃ ቤት የተከማቸ ሀብት በአንድ ሌሊት ይቃጠላል፤ በሺህ ቤት የተከፈለ ግን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይቃጠልም። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ሳያውቀው የሕዝብ ዕቃ ቤት ዘበኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ፤ ነገሩ ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የሚያሳስብ ነውና። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ዓ.ም. በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ቅኔያቸውና ቀልዳቸው በሰው አፍ ሲነገር ኖሯል፤ ዜማቸውን ግን እንደ ገና ለመስማት የተቻለው ሸክላው ስለ ተገኘ ነው። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ፥ ሸክላውን በህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋ የተባሉትም አሳታሚዎች ተከተሉት። ከ1969 እስከ 1978 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው ሁሉ ሲደመር ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽና ወደ 30 የሚደርሱ ትልልቅ ሸክላዎች እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ካሴት መጣ፤ የሸክላም ዘመን በዚያ አለቀ።

አምስት መቶ ሸክላ ለአንድ ትልቅ አገር እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂት ስለ ሆነም ሁሉን አንድ በአንድ መቍጠር፥ መመዝገብና ማኖር የሚቻል ነበር። ይህን ሥራ በትጋት የያዘው ግን የውጭ አገር ሰው ሆነ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ በሰማ ጊዜ ተደንቆ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ያ ዘፈን «እረ መላ መላ» በሚል ስም በ1986 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ታትሞ በአውሮጳ ተሰማ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም «ኢትዮጲክ» የተባለውን ተከታታይ እትም በፓሪስ ማውጣት ጀመረ። የአራተኛው ክፍል ባለቤት የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በ2005 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ ፊልም ከገባ በኋላ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ የአባቶቹን ሸክላ ለመመልከት ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን መሻገር የሚያስፈልገው ከሆነ፥ ምስጋናችን ከእፍረት ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይገባል።

ለካህናት አንባቢዎቻችን ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነገር እናስታውሳለን። እኒህ እናት በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በስዊስ አገር ተምረው፥ በግሸን ማርያም መንኵሰው፥ ፒያኖ የሚደረድሩ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሸክላ በጀርመን አገር ያሳተሙት ለክብር ወይም ለትርፍ አልነበረም፤ ገንዘቡ ችግረኞችን እንዲረዳ ነበር እንጂ። የታተመውም ቍጥር ጥቂት ነበረ። ሸክላዎቹን አክብረው ያኖሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፥ በ2006 ዓ.ም. ያ ድርሰት ዳግመኛ ታትሞ ለዓለም ባልተሰማም ነበር። እማሆይ በኢየሩሳሌም ገዳም ሲኖሩ በ2023 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ዜማቸው ግን ዛሬ በብዙ አገር በአዲስ ሸክላ እየታተመ ይሰማል። በጥቂት ቤቶች ውስጥ የተቀመጡ ክብ ሰሌዳዎች የአንዲት መነኩሲትን ሥራ ከመረሳት አዳኑት።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የያሬድን ድርሰት በቃል ብቻ ሳይተዉ፥ በብራና ጽፈው ምልክት አደረጉለት። ያም ሆኖ ብራናው በእሳትና በሌባ እጅ እንደሚጠፋ ታይቶ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት የቤተ ክርስቲያኒቱ መጻሕፍት ፎቶግራፍ እንዲነሡ ተደረገ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትም ተነሡ። ታዲያ ፎቶግራፉ ተነሥቷል ተብሎ ብራናው አልተጣለም። ፎቶግራፉ ለአንባቢ፥ ብራናው ለምስክር ሆነ። ስለ ሸክላም የምንለው ይህንኑ ነው። የኢንተርኔቱ ድምፅ ለሰሚ ይሁን፤ ሸክላው ለምስክር ይኑር። የቀድሞው ሸክላ በሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ስም፥ የአሳታሚውንም ስምና ቍጥር ይዟል፤ በኢንተርኔት ግን ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ደራሲው ሳይጠቀስ፥ ዘመኑም ተሳስቶ ይገኛል። ምስክር የሌለው ድምፅ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የሚመስለንን በአጭሩ እንናገራለን። ፊተኛው ነገር መዝገብ ነው። በአገራችን የታተሙትን ሸክላዎች ሁሉ በስም፥ በዘመንና በአሳታሚ የሚዘረዝር አንድ መዝገብ ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ትጉህ ጸሐፊና ጥሩ ጽሕፈት ቤት ይበቃል። ሁለተኛው፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየዕቃ ቤታቸው ያለውን ሸክላና ቴፕ እንደ አሮጌ ዕቃ ቈጥረው ከመሸጣቸው ወይም ከመጣላቸው በፊት አዋቂ እንዲያየው ያድርጉ። የአንድ ግምጃ ቤት ሹም በአንድ ፊርማ የሚያስወግደውን ነገር፥ የልጅ ልጆቹ በዓለም ገበያ ዞረው ላያገኙት ይችላሉ። ሦስተኛው፥ በግል የሰበሰቡ ሰዎች እንደ ደብቅ ሀብታሞች ሳይሆን እንደ አገር አገልጋዮች ይታዩ፤ ሸክላቸውን ለቅጂ ሲያውሱ ደኅና መመለሱ ይረጋገጥላቸው፤ ስማቸውም በምስጋና ይጻፍ። አራተኛው፥ ቅጂ ሲደረግ የዘፋኙና የደራሲው መብት አይረሳ፤ ቅርስ መጠበቅ የሰውን ድካም በነጻ ለመውሰድ ምክንያት ሊሆን አይገባምና።

በቤቱ ሸክላ ያለው ሰው ደግሞ እንዲህ ያድርግ። ሸክላውን እንደ መጽሐፍ አቁሞ ያስቀምጠው፤ ተደራርቦ የተኛ ሸክላ ይጣመማልና። ከፀሐይና ከምድጃ ያርቀው። ሲይዘው ጣቱን በዳሩና በመካከሉ ወረቀት ላይ ብቻ ያሳርፍ፤ የእጅ ቅባት ወደ ቦዩ ገብቶ አቧራን ይይዛል። ያረጀ መርፌ ቦዩን እንደ ማረሻ ስለሚቈፍረው በጊዜው ይለውጠው። ከመስማቱ በፊት በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ይጥረግ። ሸክላው ቢሰነጠቅ እንኳ አይጣለው፤ የተሰነጠቀ ሸክላ በዐዋቂ እጅ ብዙ ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ ሽፋኑና ጽሕፈቱም ብቻውን ታሪክ ነው።

የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ አንድ ነው። ሸክላ ከኢንተርኔት ይሻላል ወይስ ኢንተርኔት ከሸክላ ይሻላል ብሎ መከራከር ፈረስ ከጎተራ ይሻላል እንደ ማለት ነው፤ አንዱ ለመሄጃ፥ ሌላው ለማኖሪያ ነውና። የዛሬው ዘመን ዜማን እንደ ወንዝ አፍስሶልናል፤ ከወንዝም መጠጣት መልካም ነው። ነገር ግን ወንዝ ያለፈውን ውኃ መልሶ አያመጣም፤ ለበጋ የሚሆነውን ውኃ በጋን ሞልቶ ያስቀመጠ ሰው ነው የማይጠማው። ጋኑም ከሸክላ መሠራቱን የማያውቅ የለም።